አልቪን ከርሊንግ ማን ናቸው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ኦንታሪዮ፣ ስለዚያች የካናዳ ፕሮቪንስ (ክፍለ ሀገር)፣ ፖለቲካ በተወራ ቁጥር እኚህን ሰውዬ ሳላነሳ አላልፍም። አንዴ ካነሳኋቸው ደግሞ ጥያቄው ይዘንባል። መልሱን በየስልኩ ከመድገም እዚህ አስቀምጬዋለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባጭሩ ማን ናቸው?

ጃማይካ፣ ኪንግስተን ከተማ በ1939 ተወለዱ። ካናዳ የገቡት በ1965 ነው። ከ1985 እስከ 2005፣ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ዛሬ የቶሮንቶ ክፍል የሆነችውን ስካርቦሮን ወክለው በኦንታሪዮ ምክር ቤት ተቀምጠዋል። ስድስት ጊዜ ተወዳደሩ፣ ስድስቱንም አሸነፉ። ፓርቲያቸው ሊበራል ነው። ሁለት ጊዜ ሚኒስትር፣ አንድ ጊዜ አፈ ጉባኤ፣ በመጨረሻ አምባሳደር ሆነዋል። በኦንታሪዮ ካቢኔ የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁር ሚኒስትር እሳቸው ናቸው።

ይህን ሁሉ የሚያስታውስ ሰው ግን ብዙ አይደለም። የሚታወሱት በአንድ ሌሊት ነው። እሱን ወደ ታች እንደርስበታለን።

ከርሊንግ? ያ በረዶ ላይ የሚጫወቱት ነገር አይደለም እንዴ?

ስሙ ተገጣጥሞ ነው። ድንጋይ እያንሸራተቱ ፊት ፊቱን በመጥረጊያ የሚጠርጉለት ጨዋታ ሌላ፣ ሰውየው ሌላ። በኢንተርኔት ስትፈልጉ «አልቪን»ን መጨመር አትርሱ፣ አለዚያ የሚመጣላችሁ መጥረጊያ ብቻ ነው።

የፕሮቪንስ ሚኒስትር ስትል ኦታዋ ካሉት ጋር አንድ ነው?

አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል። ካናዳ 10 ፕሮቪንሶች አሏት። እያንዳንዱ የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ ፕሪሚየር (የፕሮቪንሱ መንግሥት መሪ)፣ የራሱ ሚኒስትሮች አሉት። የኦንታሪዮው ምክር ቤት ቶሮንቶ መሀል ኩዊንስ ፓርክ የሚባለው ቦታ ላይ ነው። አባላቱ ኤምፒፒ ይባላሉ። ኦታዋ ያለው የፌዴራሉ ነው።

አዲስ የመጣ ሰው ዓይኑ ኦታዋ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ዜግነቱና ፓስፖርቱ ያለው እዚያ ነው። ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ግን ኑሮው በአብዛኛው የሚወሰነው ኩዊንስ ፓርክ ነው። የጤና ካርድ፣ ሆስፒታል፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ መንጃ ፈቃድ፣ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ ሕግ፣ ሁሉም የፕሮቪንስ ናቸው። ወገኖቻችን የፌዴራል ምርጫ ሲሆን ተሯሩጠው ወጥተው የፕሮቪንሱን ችላ ሲሉት ይገርመኛል። ኪራያችሁ ላይ የሚፈርደው እኮ ይሄኛው ነው!

ፖለቲካ ውስጥ እንዴት ገቡ?

ከትምህርት ቤት በኩል ነው የመጡት። ሴኔካ ኮሌጅ ውስጥ የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ ነበሩ። ማንበብና መጻፍ ላልቻሉ ሰዎች በሚሠራ ድርጅትም በፕሬዚዳንትነት አገልግለዋል። በ1985 ስካርቦሮ ሰሜን ላይ ተወዳደሩ። ወንበሩ ለሃያ ዓመት ያህል የአንድ አንጋፋ የኮንሰርቫቲቭ ሚኒስትር የቶማስ ዌልስ ነበር። ዌልስ ወንበሩን ለቀቁ፣ ከርሊንግ ገቡ።

ያኔ ስካርቦሮ የቶሮንቶ አካል አልነበረችም፣ ራሷን የቻለች ማዘጋጃ ቤት ነበረች። የተጠቃለለችው በ1998 ነው። ከካሪቢያን፣ ከእስያ፣ ከአፍሪካ የመጣው ሰው እየበዛባት የነበረችበት ዘመን ነው። ፓርቲዎቹ ይህን ለማየት ዘግይተው ነበር።

ገና እንደተመረጡ እንዴት ሚኒስትር ሆኑ?

ዕድልም አለበት። ኮንሰርቫቲቮች ኦንታሪዮን ከ1943 ጀምሮ 42 ዓመት ሳያቋርጡ ገዝተዋል። ግንቦት 2 ቀን 1985 ምርጫ ተደረገ፤ እነሱ 52፣ ሊበራሎች 48፣ ኤንዲፒ የሚባለው ግራ ዘመም ፓርቲ 25 ወንበር አገኙ። ስሌቱን ስሩት፦ አንደኛ የወጣው ብቻውን አይበቃም፣ ሁለተኛና ሦስተኛው ከተስማሙ ግን ይበልጡታል። ተስማሙም። የሊበራሉ ዴቪድ ፒተርሰንና የኤንዲፒው ቦብ ራይ የሁለት ዓመት ውል ፈረሙ፣ የኮንሰርቫቲቮቹ መንግሥት በምክር ቤት ድምፅ ወደቀ፣ ሰኔ 26 ቀን ፒተርሰን ፕሪሚየር ሆኑ። ቃለ መሐላው የተፈጸመው ውጭ፣ የምክር ቤቱ ሣር ላይ ነው፣ ሕዝቡም ተጠርቶ ነበር። ሊበራሎች 42 ዓመት ከሥልጣን ርቀው ስለኖሩ ሚኒስትር ሆኖ የሚያውቅ ሰው አልነበራቸውም። ሁሉም ጀማሪ ነበር። ከርሊንግ የቤቶች ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

የቤቶች ሚኒስትር ሆነው ምን ሠሩ?

በጣም የጋለ ድስት ነው የተሰጣቸው። የኪራይ ጭማሪ ገደብ በኦንታሪዮ ከ1975 ጀምሮ ነበር፣ ከዚያ በኋላ የተሠሩት አዳዲስ ሕንጻዎች ግን ከገደቡ ነጻ ነበሩ። አንዱ ሕንጻ ላይ አከራዩ እጁ ታስሯል፣ ጎረቤት ያለው አዲሱ ላይ እንደልቡ ይጨምራል። ከኤንዲፒ ጋር በተፈረመው ውል ውስጥ ይህ ይስተካከል የሚል አለበት። ከርሊንግ ተከራይና አከራይ እኩል የተወከሉበት ኮሚቴ አቋቁመው አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧቸው። ከዚያ የ1986ቱ የኪራይ ሕግ ወጣ፣ አዳዲሶቹ ሕንጻዎችም ገደቡ ውስጥ ገቡ። በዚያው ዓመት ሌላም ሕግ ወጥቷል፦ ባለሕንጻ የኪራይ ቤቶችን ያለ ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ እንዳያፈርስ ወይም ወደ ኮንዶ እንዳይለውጥ የሚከለክል።

እውነቱን ለመናገር የኪራይ ሕጉ ቀላል አልነበረም። ቀመሩ የተወሳሰበ ነው፣ ማመልከቻው ተከመረ፣ «ወጪ አወጣሁ» ያለ አከራይ ከመደበኛው በላይ የሚያስፈቅድበት ቀዳዳም ነበረው። ተከራዮቹም አከራዮቹም አማረሩ። በ1990 ሥልጣን የያዘው ኤንዲፒ በኋላ በሌላ ሕግ ተካው። እኔ ግን አዲሱንና አሮጌውን ሕንጻ እኩል ማድረጉ ትልቅ ነገር ነበር ባይ ነኝ።

ያ ሕግ ዛሬ እኔ ከምከፍለው ኪራይ ጋር ምን አገናኘው?

ጥያቄው ያው ስለሆነ ነው። «አዲስ ሕንጻ ገደብ ይኑረው ወይስ አይኑረው?» የሚለው ክርክር ኦንታሪዮ ውስጥ ሞቶ አያውቅም። ከርሊንግ አስገቡት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኮንሰርቫቲቮች ከ1991 ወዲህ የተሠሩትን ነጻ አወጧቸው። በ2017 ሊበራሎች ገደቡን መለሱት። በ2018 እንደገና ተነሳ፦ ከህዳር 15 ቀን 2018 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የገባበት ቤት ዛሬ የጭማሪ ጣሪያ የለውም። ስለዚህ ቤት ስትከራዩ «መቼ ነው የተሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ በፊት!

እኔ ራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። አሮጌ ሕንጻ ውስጥ 1,800 ዶላር እከፍል ነበር። አንድ ቀን ማታ አከራዬ በቴክስት «ከሚቀጥለው ወር 120 ጨምር» አለኝ። ዝም ብዬ ልከፍል ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ኤን 1 ሰጥቶሃል ወይ?» አለችኝ። ኤን 1 የጭማሪ ማስታወቂያ ቅጹ ነው። ከ90 ቀን በፊት በጽሑፍ መሰጠት አለበት፣ በ12 ወር ከአንድ ጊዜ በላይ አይጨመርም፣ የ2025 ጣሪያ ደግሞ 2.5 በመቶ ነበር። በ1,800 ላይ ሲሰላ 45 ዶላር። ቅጹን ጠየቅኩት፣ ሌላ ቴክስት አልመጣም። ከሦስት ወር በኋላ 45 ዶላር ጨመርኩ፣ ተጨባብጠን ኖርን።

ከዚያ ለምን ከካቢኔ ወጡ?

በ1987 ሊበራሎች ከ130 ወንበር 95ቱን ጠራርገው ወሰዱ። ከርሊንግ ወደ ክህሎት ልማት ሚኒስቴር ተዛወሩ፤ ሥራው የሙያ ሥልጠናና የጎልማሶች ትምህርት ነው፣ ለሳቸው የሚስማማ። በ1989 በካቢኔ ሹም ሽር ወጡ። በቃ። ከዚያ ወዲህ ሚኒስትር ሆነው አያውቁም። በ1990 ፓርቲው ራሱ ወደቀ፣ እሳቸው ግን ወንበራቸውን አላስነኩም።

ያ ሌሊት ቁጭ ብለው አደሩ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ታኅሣሥ 1995።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ የኮንሰርቫቲቩ ማይክ ሃሪስ 82 ወንበር ይዘው ገቡ። ወጪ እንቆርጣለን ብለው ነው የመጡት። ህዳር መጨረሻ ላይ የተቃዋሚ አባላትና ጋዜጠኞች የበጀት መግለጫውን አስቀድመው እንዲያነቡ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸው ሳለ ቢል 26 የሚባል ረቂቅ ምክር ቤት ቀረበ። ከ200 ገጽ በላይ ነው። ከ40 በላይ ሕጎችን በአንድ ጊዜ ይቀይራል፦ ሆስፒታል መዝጋት፣ ማዘጋጃ ቤቶችን ማዋሃድ፣ አረጋውያንና ድሆች መድኃኒት ሲወስዱ እንዲከፍሉ ማድረግ፣ ሌላም ሌላም። መንግሥት ከገና በፊት እንዲጸድቅ ፈለገ። ተቃዋሚዎች «ሕዝቡ ይስማው፣ በየከተማው ውይይት ይደረግ» አሉ። መንግሥት እምቢ አለ። ተቃዋሚ ወንበሩ ስለማይበቃው ድምፅ በተሰጠ ቁጥር መሸነፉ የታወቀ ነው። ምን ያድርግ?

ታኅሣሥ 6 ድምፅ እየተሰጠ ነው። ድምፁ በስም የሚመዘገብ ስለሆነ እያንዳንዱ አባል ተራው ሲደርስ ከወንበሩ ብድግ ይላል፣ ስሙ ይጠራል፣ ቁጭ ይላል። ደንቡ አዳራሽ ውስጥ ያለ አባል በሙሉ ድምፅ ይስጥ ይላል። የከርሊንግ ተራ ደረሰ። አልተነሱም። ድጋፍም ተቃውሞም የለም፣ ዝም። እሳቸው ድምፅ ካልሰጡ ወይም ካልወጡ ቆጠራው አይዘጋም። አፈ ጉባኤው ስማቸውን ጠርተው ከአዳራሽ እንዲወጡ አዘዙ። አልወጡም። የምክር ቤቱ የጸጥታ ሹም መጣ። በዚህ ጊዜ የሊበራልና የኤንዲፒ አባላት ወንበራቸውን ከበው ቆሙ፣ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው። ሹሙ ሰብሮ ማለፍ አልቻለም፤ የተመረጠን ሰው በጉልበት እየጎተቱ ማውጣት ደግሞ ማንም በቴሌቪዥን እንዲታይበት አይፈልግም።

መሸ። እኩለ ሌሊት ሆነ። ነጋ። ሰውዬው እዚያው ናቸው። 18 ሰዓት ገደማ። ጠቅላላው የኦንታሪዮ ሕግ አውጪ አካል በአንድ የ56 ዓመት ሰው መቀመጥ ምክንያት ቆመ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ በንግግር ሳይሆን በመቀመጥ መቃወማቸው ነው። ምክር ቤት የንግግር ቤት ነው፣ የሚጮህ የሚዘልፍ አይጠፋም። እሳቸው የመረጡት ዝምታን ነው።

ግን ሕጉ ጸደቀ አይደል? ታዲያ ምን ጥቅም ነበረው?

ጸድቋል። ጥር 29 ቀን 1996። ወንበሩ ያላቸው እነሱ ናቸው፣ ይህን ማንም አልሸሸገም። የተገኘው ጊዜ ነው። መንግሥት ከተቃዋሚዎች ጋር ተስማምቶ የጥር ወር ውይይት ፈቀደ፣ ኮሚቴዎች በየከተማው ዞሩ፣ ነርሱም ከንቲባውም ተከራዩም መጥቶ ተናገረ። መንግሥት ራሱ በርካታ ማሻሻያዎችን ይዞ መጣ። በዚያው ሰሞን ለንደን ኦንታሪዮ ላይ ሠራተኞች የአንድ ቀን አድማ መትተው ነበር፣ ግፊቱ ከየአቅጣጫው ነው።

የሕጉ ዋና ጥርስ ግን አልወለቀም። ሆስፒታል የሚዘጋው ኮሚሽን በዚሁ ሕግ ተቋቋመ፤ ቶሮንቶ መሀል የነበረው ዌልስሊ ሆስፒታል ከተዘጉት አንዱ ነው። ስለዚህ «አሸነፉ» ብዬ አላጋንንም። ሊያልፍ በነበረው ነገር ላይ ሕዝቡ አንድ ወር እንዲነጋገርበት አደረጉ። ለአንድ ተራ ተቃዋሚ አባል ቀላል አይደለም።

ያን ያህል ደንብ የጣሱ ሰውዬ እንዴት አፈ ጉባኤ ሆኑ?

ይሄ ነው ደስ የሚለው። በ2003 ሊበራሎች በዳልተን ማጊንቲ መሪነት 72 ወንበር ይዘው ተመለሱ። ሁሉም ከርሊንግ ሚኒስትር ይሆናሉ ብሎ ሲጠብቅ ካቢኔው ውስጥ የሉም። ህዳር ላይ ግን ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ አድርጎ መረጣቸው። ከስምንት ዓመት በፊት «ውጡ» የተባሉት ሰውዬ አሁን «ውጡ» የሚሉት እሳቸው ሆኑ፣ ያውም ያኔ ሲያዝዝባቸው ከነበረው ትልቅ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው።

አፈ ጉባኤ ሲኮን የፓርቲ ክርክር ይቀራል። ድምፅ የሚሰጡትም እኩል ለእኩል ሲሆን ብቻ ነው። በኦንታሪዮ የመጀመሪያው ጥቁር አፈ ጉባኤ ናቸው።

ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ምን ወሰዳቸው?

በነሐሴ 2005 ከምክር ቤት ለቀቁ። የፌዴራሉ የፖል ማርቲን ሊበራል መንግሥት በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የካናዳ አምባሳደር አድርጎ ሾማቸው። ተቃዋሚዎች «የፓርቲ ስጦታ ነው» ብለው ጮኹ። ዲፕሎማት ሆነው የማያውቁ ሰው ናቸውና ወቀሳው መሠረት የለውም አልልም። ሹመቱ ብዙም አልቆየ። በ2006 ኦታዋ ላይ ኮንሰርቫቲቮች ሲገቡ ተመለሱ። የስካርቦሮው ወንበር በማሟያ ምርጫ ለሊበራሉ ባስ ባልኪሱን ሄደ።

ከዚያ በኋላስ ጡረታ?

ሥራ አልተዋቸውም። በ2007 ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የ15 ዓመት ተማሪ ትምህርት ቤቱ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ከተማው ደነገጠ። ፕሪሚየሩ ሁለት ሰዎች ጠሩ፦ ከርሊንግንና ሮይ ማክመርትሪን። ማክመርትሪ የኮንሰርቫቲቭ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩ፣ በኋላም የኦንታሪዮ ዋና ዳኛ የሆኑ ሰው ናቸው። ሁለት ተቃራኒ ፓርቲ፣ አንድ ሥራ፦ ልጆቹ ወደ ጥቃት የሚገቡት ለምንድን ነው?

በህዳር 2008 አምስት ቅጽ ሪፖርት አወጡ። ፖሊስ ብቻውን አይፈታውም ይላል። ሥሩ ድህነት፣ ዘረኝነት፣ የሰፈሩ አሠራር፣ ተማሪን የሚገፋ ትምህርት ቤት፣ ሥራ ማጣት፣ ያልታከመ የአእምሮ ጤና ነው። ዘርን የተመለከተ መረጃ ይሰብሰብ፣ ለልጆች የአእምሮ ሕክምና ገንዘብ ይመደብ ብለው መከሩ። እኔ ሪፖርቱን ሳነበው የኛን ልጆች አየሁበት፦ እናት ሁለት ሥራ፣ አባት ሌሊት ታክሲ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በር የሚከፍትለት የለም።

መንግሥት ሪፖርቱን ተቀበለ፣ ከዚያ አብዛኛው ክፍል መደርደሪያ ላይ ቆየ። በ2012 ስካርቦሮ ዳንዚግ ጎዳና ላይ በግቢ ድግስ መሀል ተኩስ ሲከፈት እንደገና አቧራው ተራገፈና የወጣቶች ዕቅድ ወጣ። ሰው ካልሞተ ሪፖርት የማይገለጥ መሆኑ ያናድዳል።

«የመጀመሪያው ጥቁር» የሚለውን በትክክል አስረዳኝ፣ ሌላም ስም እሰማለሁ።

ይምታታል፣ ልክ ነህ። ሊዮናርድ ብራይትዌት በ1963 ኤቶቢኮክ ላይ ተመርጠው በካናዳ የፕሮቪንስ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያው ጥቁር ናቸው፣ ሚኒስትር ግን አልሆኑም። ሊንከን አሌክሳንደር ሚኒስትር የሆኑት በ1979 ነው፣ ግን በፌዴራሉ፤ በዚያው ከርሊንግ በተሾሙበት በ1985 ደግሞ የንግሥቲቱ ወኪል ሆነው የኦንታሪዮ ሌፍተናንት ገዥ ሆኑ። ዛናና አካንዴ በ1990 በካናዳ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሚኒስትር ሆነዋል፣ በኦንታሪዮ። በአፈ ጉባኤነት በካናዳ ደረጃ የቀደሙት የብሪቲሽ ኮሎምቢያው ኤመሪ ባርንስ ናቸው። ከርሊንግ በኦንታሪዮ ካቢኔና በኦንታሪዮ የአፈ ጉባኤ ወንበር የመጀመሪያው ናቸው።

ያንን አዳራሽ ሄጄ ማየት እችላለሁ?

ትችላለህ፣ በነጻ። ምድር ባቡሩ ላይ ኩዊንስ ፓርክ ወይም ሙዚየም ጣቢያ ውረድ፣ መታወቂያ ያዝ፣ ፍተሻ አለ። ምክር ቤቱ በሚሰበሰብበት ሰሞን ጠዋት 10:30 በፈረንጆቹ ሰዓት የጥያቄ ጊዜው ይጀመራል፣ ሞቅ የሚለው እሱ ነው። ሕንጻው ትልቅ እድሳት ስለሚጠብቀው ከመሄድህ በፊት ድረ ገጹን እይ። ላይ ሰገነቱ ላይ ያስቀምጡሃል፤ የአፈ ጉባኤው ወንበር ከፊት ለፊትህ፣ የአባላቱ ከግራና ከቀኝ። ተመልካች ማጨብጨብም መጮህም አይፈቀድለትም። ቁጭ ብለህ ዝም ማለት ነው።